ሞምባሳ ላይ ያስቀረሁት መልእክት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ላሳደገችኝ አክስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም በደንብ አልነገርኩም። ለእሳቸው «ዋሽቻለሁ» ብያለሁ። «ምን ብለሽ?» ሲሉኝ «ብዙ ጊዜ ነው አባ» ብዬ አለፍኩት። ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። ግን የሰገድኩት ለሌላው ውሸቴ ነው። ይህኛው እንዳለ አለ።

ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ አፌ ይተሳሰራል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መጻፍ ግን አይከብደኝም፤ ወረቀት አያየኝም። ስለዚህ ለእናንተ ለምታነብቡት እናዘዛለሁ።

ጥፋቴን መጀመሪያ ልናገር። የጓደኛዬ እናት ሊሞቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የልጃቸውን ድምፅ መስማት ፈለጉ። መልእክቱ ለእኔ ተነገረኝ። እኔ ለጓደኛዬ አላደረስኩም። ዋሽቼ አስቀረሁት።

ጓደኛዬ ከድጃ ትባላለች። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው፤ የቀበሌ ቤት፣ አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች እኔ አክስቴ አስካለ ቤት ነበርኩ። ከድጃ በሚቀጥለው በር ከእናቷ ከእትዬ ዘምዘም ጋር ነበረች። እትዬ ዘምዘም ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን በር ላይ ወጥተው ሳምቡሳ እየጠበሱ ይሸጣሉ። የሥጋውን እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ አልበላም። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ዘይቱ ሥጋ ሳይነካው የምስሩን ቀድመው ጠብሰው በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡልኛል። «አንቺ ዝምተኛ፣ ርቦሽም አትናገሪም» ይሉኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ደግ ሰው እንደነበሩ እንድታውቁ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑስ ኖሮ? ጥፋቴ ያው ነበር።

ከድጃና እኔ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄድን። እሷ አንድ ዓመት ቀድማኝ ሄዳ አሠሪዋን አግባብታ እኔንም እዚያው ቤት አስመጣችኝ። ማዳም አንድ ነገር ስታዘኝ መጀመሪያ የማየው የከድጃን ፊት ነው። ከድጃ ትተረጉምልኛለች፣ ትመልስልኛለች፣ ማዳም ስትቆጣ መሐል ትገባለች። «ይቺ ልጅ ምላስ የላትም እንዴ?» ትላታለች ማዳም። «አላት፣ ለእሑድ ነው የምታስቀምጠው» ትላለች ከድጃ።

በሁለተኛው ዓመቴ ማዳምና ባለቤቷ ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው የሦስት ወር የመርከብ ሽርሽር ሄዱ። ልጆቹን የሚይዝ ሰው ስለሚያስፈልግ እኛንም ወሰዱን። መርከብ ሲባል ሰው ባሕር ይታየዋል። ለእኛ መርከብ ማለት ኮሪደር ነው፣ ምንጣፍ ነው፣ ትንሿ ልጅ ስታስመልስ የምንወለውለው ወለል ነው። የምንተኛበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ወደብ ሲደረስ እነሱ ወርደው ሲዞሩ ይውላሉ፤ እኛ ትንሿን ይዘን እንቀራለን። አንዳንድ ወደብ ላይ ስልክ ደውለን እንድንመለስ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ይፈቀድልናል። ሁለት ወር ባሕር ላይ ኖሬ የባሕር ውኃ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ካዛንቺስ ስመለስ «ባሕሩ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ እያልኩ አስብ ነበር።

ሞምባሳ ስንደርስ የማዳም ዘመዶች መጥተው ሁሉንም፣ ትንሿንም ጭምር፣ ይዘዋቸው ሄዱ። ማዳም «ዛሬ ዕረፍት ናችሁ። አሥር ሰዓት ላይ እዚህ እንዳገኛችሁ» አለችን። በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያው የዕረፍት ቀናችን ነበር።

«ሰኒ፣ ዛሬ ማዳሞቹ እኛ ነን» አለችኝ ከድጃ ከመርከቡ ደረጃ ስንወርድ። «ነይ እንግዲህ፣ ቦርሳዬን ያዢልኝ።»

ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ሙቀቱ የኛን አገር ፀሐይ አይመስልም፤ ከታችም ከላይም ይተናል፣ ልብስ ወዲያው ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ማንጎ የሚሸጡ፣ ኮኮናት የሚሸጡ፣ ባጃጆች፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች። ሰዎቹ ብዙዎቹ የኛን ሰው ይመስላሉ፤ ሲያናግሩን ግን አንድም ቃል አይገባንም። ከድጃ ዓረብኛ የሚችል ሰው እየፈለገች መንገድ ትጠይቃለች። ባሕር ዳር የሚዋኙበት ቦታ በትልቅ ጀልባ ተሻግሮ እንደሆነ ነገሯት። ከመሄዳችን በፊት ግን አገር ቤት እንደውል አለች። እናቷን ካናገረቻቸው ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር።

ስለ ስልኩ ማስረዳት አለብኝ። በግቢያችን የመስመር ስልክ ያለው አክስቴ ቤት ብቻ ነበር። ከውጭ የሚደውል ሰው መጀመሪያ ደውሎ «እገሌን ጥሩልኝ» ይልና ይዘጋል። አሥር ደቂቃ ቆይቶ መልሶ ይደውላል። ከአክስቴ ጋር ሰላም እንድባባል የመጀመሪያውን ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ። የሁለተኛው የከድጃ ነው። ያን ቀንም እንደዚሁ እኔ ወደ ስልክ ቤቱ ገባሁ፤ ከድጃ ውጭ ኮኮናት ሻጩ ጋ ቀረች።

«አክስቴ፣ ሰናይት ነኝ። እትዬ ዘምዘምን ጥሩልን» አልኩ።

«ከድጃ አጠገብሽ ናት?» አለችኝ አክስቴ።

«ውጭ ናት።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ዘምዘም ታማለች። ሐኪሞቹ ቤቷ ትሁን ብለው መልሰዋታል፤ ገብቶሻል አይደል? እዚህ ድረስ መምጣት አትችልም። ወንድሟ ሞባይሉን ትራሷ ሥር አድርጎላታል። ቁጥሩን ጻፊ። ከድጃ አሁኑኑ በሱ ትደውል። ልጅቷን እንዳታስደነግጫት፤ ትንሽ አሟታል በያት፣ በቃ። ድምፅዋን ብቻ ታሰማት። ሌላ ምንም አትለንም እኮ፤ የከዱን ድምፅ አሰሙኝ ነው የምትለው።»

ከባለ ስልክ ቤቱ እስክሪብቶ ተውሼ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጻፍኩ። አክስቴ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። «አሁኑኑ» አለችኝ ደግማ። «እሺ» አልኩ። እሺ ማለቴን አልረሳውም።

ስወጣ ሻጩ በትልቅ ቢላዋ ኮኮናት እየፈለጠላት ነበር። «ይሄ ሰውዬ እኛ ሰፈር ቢመጣ እንጨት ፈልጦ ይከብር ነበር» አለችኝ እየሳቀች። «እሺ፣ እማን ጠሯት?»

«የሉም» አልኩ።

«የት ሄደች ደግሞ?»

«ኮምቦልቻ። ሠርግ አለ ብለው ሄደዋል። ሳምንት ይቆያሉ።»

ያን ያህል ቃል ሳልንተባተብ በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። ኮምቦልቻ ከየት መጣልኝ? ሠርጉስ? አላውቅም። ውሸቱ ተዘጋጅቶ እንደቆየ ሰው ወጣ።

«የሐሊማ ሠርግ ነው!» አለች ከድጃ፣ እጇን አጨብጭባ። «ደረሰላት በይ! እማ ይሄኔ ጉልበቴን ማለት ትታ እየጨፈረች ነው።» የአክስቷ ልጅ ሐሊማ እንደታጨች እኔ አላውቅም ነበር። ከድጃ ራሷ ውሸቴን አሳመረችልኝ።

ለምን ዋሸሁ? ስምንት ዓመት ሙሉ ለራሴ መልስ ስሰጥ ኖሬአለሁ። አንዳንድ ጊዜ «ለእሷ አዝኜ ነው፣ በሰው አገር ልብዋ እንዳይሰበር» እላለሁ። ይህ ሐሰት ነው። አንዳንድ ጊዜ «ማዳምን ለምና አገሯ ትገባለች፣ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው» እላለሁ። ይህ እውነት አለበት። ያለ እሷ ማዳም ፊት መቆም ይቅርና ውኃ መጠየቅም አልችልም ነበር። ግን ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው። ስልኩን ዘግቼ ከበሩ እስክወጣ ባለው ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሌላ ነው። «ዛሬ ባሕሩ ቀረ» የሚል ነው። ከደወለች ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች እንመለሳለን፤ ከተመለስን እኔ ባሕሩን ሳልነካው እቀራለሁ። ለዚህ ነው። ትልቅ ምክንያት ቢኖረኝ ይሻለኝ ነበር። የለኝም።

በጀልባው ተሻገርን። ሰውና መኪና፣ ፍየልም ጭምር አንድ ላይ የሚጭን ጀልባ ነው። ስንወርድ የቀትር ሰላት ደረሰና መንገድ ዳር ካለ መስጊድ አዛን ተሰማ። ከድጃ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ። «ለእማ ዱዓ አደርግላታለሁ። የኮምቦልቻ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ በሰላም እንድትመለስ» ብላ በሴቶቹ በር ገባች።

እኔ ጥላ ሥር ጫማዋን ይዤ ተቀመጥኩ። መዳፌን ጨብጬዋለሁ። በትክክል ከፊት ለፊቴ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሌላ ስልክ ቤት ነበር፤ በሩ ላይ ስልክ ተሥሏል። ማንበብ አያስፈልግም። ከድጃ ስትወጣ «ነይ፣ እናትሽ ትንሽ አሟቸዋል፣ ደውዪ» ብላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። «ቅድም ለምን ዋሸሽኝ?» ብትለኝ «እንዳትደነግጪ ብዬ» እላት ነበር፤ ታምነኝም ነበር። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አስቤዋለሁ። ሳላስብ ያለፍኩት ነገር የለም። ወጣች፣ ጫማዋን ሰጠኋት፣ ተነሥተን ሄድን።

ባሕሩ ሞቃት ነበር። እኔ ቀዝቃዛ ይመስለኝ ነበር። አሸዋው ነጭ ነው፣ ሲረግጡት ይሰምጣል። ቀሚሳችንን ሰብስበን እስከ ጉልበታችን ገባን፤ ከዚያ ማዕበል መጥቶ እስከ ወገባችን አራሰን። ከድጃ በመዳፏ ዘግና ቀመሰችው። «ጨው ነው! ሰኒ፣ እውነትም ጨው ነው እኮ!» ብላ ጮኸች፤ እዚያ ያሉ ልጆች ሳቁብን። እኔም ሳቅኩ። እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም። ይህንንም መናዘዝ አለብኝ፤ እያዘንኩ፣ እየተጨነቅኩ አልዋልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። ወደ ውስጥ ገብቼ እጄን ዘርግቼ ውኃው ያወዛውዘኝ ነበር።

ስወጣ መዳፌን አየሁት። ቁጥሩ ጠፍቷል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ብቻ እንደ ጥላ ይታያሉ። ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ቀለለኝ። አሁንማ ብነግራትም ቁጥሩ የለም አልኩ በልቤ። አክስቴን መልሼ ብደውልላት እንደምትነግረኝ እያወቅኩ ነው እንዲህ ያልኩት። ራሴንም ዋሸሁት፤ አሁንም ራሴ አመነኝ።

አሥር ሰዓት ላይ መርከቡ ላይ ነበርን። የሞምባሳና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። እትዬ ዘምዘም ደህና ቢሆኑ ሳምቡሳቸውን ይዘው በር ላይ የሚወጡበት ሰዓት ነበር።

ከስድስት ቀን በኋላ ሌላ ወደብ ደረስን። ግማሽ ሰዓት ተፈቀደልን። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያውን ካልደወልኩ አለች ከድጃ። አጠገቧ ቆሜያለሁ። «እትዬ አስካለ፣ እማ ከሠርጉ አልተመለሰችም እንዴ?» ስትል ሰማኋት። አክስቴ የሆነ ነገር አለቻት፤ ከድጃ ሳቀችና «እሺ፣ ትጥገብ እንግዲህ! ሰኒን ላገናኝሽ» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ሰኒዬ፣ አልፋለች» አለችኝ አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በደወልሽ በሁለተኛው ቀን። አንቺ ቻይው። ለልጅቷ በስልክ አይነገርም። ሠርግ ያልሽው ጥሩ ዘዴ ነው፣ በሱ ያዢልን።»

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በሰው አገር ለብቻዋ ላለች ልጅ ደግሞ ጨርሶ አይነገርም። እስክትመለስ ይያዛል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይወቅሰውም። ስለዚህ ውሸቴን ሰፈሩ ሁሉ ተቀበለኝ። ከድጃ በደወለች ቁጥር ሠርጉ ረዘመ፤ ከዚያ እትዬ ዘምዘም እህታቸው ታማባቸው ኮምቦልቻ ቀሩ፤ ከዚያ እዚያ ኔትወርክ የለም ተባለ። ለራሴ ደስታ ብዬ የፈጠርኩት ውሸት የሽማግሌዎች ምሥጢር ሆነ። ውሸቱ መጀመሪያ የተነገረው እትዬ ዘምዘም በሕይወት ሳሉ እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አክስቴስ? አክስቴ ከድጃ የደወለች፣ መስመሩ እምቢ ያለ፣ እኔም ሠርጉን ከዚያ በኋላ የፈጠርኩ መሰላት።

ሁለት ወር ተኩል ቆይተን ሥራችንን ጨርሰን ተመለስን። ከድጃን ወደ ካዛንቺስ አልወሰዷትም፤ መስቀል ፍላወር አጎቷ ቤት አሳደሯት። ሲነጋ የዕድር ሽማግሌዎች መጥተው ነገሯት። የሆነውን አልጽፈውም፤ መርዶ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ሲበርድላት አንገቴን አቅፋ «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ይዘሽው ኖርሽ? እኔን ብለሽ?» አለችኝ። ሞምባሳ ላይ ስደውል እናቷ ቀድመው ያለፉ መሰላት። ሴቶቹም «አንጀቷን አስራ ቻለችው፤ ልጅ ማለት እሷ» አሉ። እኔ አለቀስኩ። ለእሷ ያለቀስኩ መሰላቸው።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ለብቻዬ ጠየቀችኝ። «ያን ቀን ግን ደውላ ለምን ሳታገኛት ቀረች?»

«ቁጥሩ አልሠራ አለን» አልኩ።

«ኔትወርክ ነዋ። እናንተ ምን ታደርጉ» አለች። ከዚያ ነገረችኝ። ወንድማቸው መስመሩ እንዳይያዝ ብሎ ሞባይሉን ለሁለት ቀን ለማንም አላዋሰም። ሰው ደውሎ ሞባይሉ ሲጮህ እትዬ ዘምዘም ዓይናቸውን ይገልጣሉ። ሌላ ሰው ሲሆን መልሰው ይከድናሉ። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ይህን አክስቴ እንደ ማንኛውም ወሬ ነው የነገረችኝ። ለከድጃ ግን አልነገረቻትም፤ «ሳታውቀው፣ እንደተኛች ነው የሄደችው» ነው ያለቻት።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሆነ። ካዛንቺስ ግቢያችን ፈርሷል። ከድጃ አግብታ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። እኔ ቂርቆስ ቤት ተከራይቼ፣ ደምበል አካባቢ አንድ ቢሮ ጽዳት እሠራለሁ። የሰፈራችን ሰው ቢበተንም ዕድሩ አለ። ልጁ ውጭ ያለችበት ሰው ኀዘን ሲደርስበት ለምክር የምጠራው እኔ ነኝ። «ሰናይት ትጠየቅ፣ እሷ መያዝ ታውቃለች» ይላሉ። የጥፋቴን ሹመት ሰጡኝ። እኔም ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ምን ብለው እንደሚይዙት እነግራቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ግን የቀድሞ ጎረቤታችን ታመሙ። ልጃቸው ቤሩት ናት። ሴቶቹ ተሰብስበው «እንደታመሙ አይነገራት፤ ሲያልፍም እንይዘዋለን» አሉ። ከድጃም ነበረች። እኔ «አሁን ደውሉላት!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። «በሕይወት እያሉ ይደወላል! ምን ትጠብቃላችሁ?» ሁሉም ዞረው አዩኝ። እንደዚያ ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም። ደወሉ፤ እናትና ልጅ ተነጋገሩ።

ስንወጣ ከድጃ ክንዴን ያዘችኝ። «ለእኔ ግን ይሻላል ብለሽ ደበቅሽኝ፤ ለዚህችኛዋ ለምን ተቆጣሽ?» አለችኝ። ተጠራጥራ አልነበረም፤ እንዲሁ ገርሟት ነው። «ያንቺ ሌላ ነው» አልኳትና ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ብነግራት ትጎዳለች፤ ይህን አውቃለሁ። እናቷ ተኝተው እንዳለፉ አምና ተጽናንታለች። እኔ ይህን ላፍርስባት? ለማን ብዬ? እኔን እንዲቀለኝ? እንዲህ እያልኩ ስምንት ዓመት ዝም ብያለሁ። ዝምታዬን ደግነት አስመስዬዋለሁ።

ነገር ግን እትዬ ዘምዘም መጨረሻ ላይ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የከዱን ድምፅ አሰሙኝ»። ይህ ቃል ለእኔ የተባለ አይደለም። የከድጃ ነው። እናቷ እስከ መጨረሻው ስሟን እንደጠሩ ከድጃ አታውቅም። የልጅቷን ድምፅ ከእናቷ ወሰድኩ፤ የእናቷን ቃል ደግሞ ከልጅቷ። የመጀመሪያውን መመለስ አልችልም።

ሁለተኛውን ነገ ጎተራ ሄጄ እመልሳለሁ። ይህን ወረቀት አልሰጣትም፤ በአፌ ነው የምነግራት። እናንተም ይህን ያነበባችሁ «ልጅ ነበርሽ» አትበሉኝ፤ ልጅ አልነበርኩም። ይቅርታም አልለምናትም። «እናትሽ ሊሰሙሽ ፈልገው ነበር፤ ተነግሮኝ ነበር፤ እኔ ባሕር ማየት ፈልጌ አላስደወልኩሽም» እላታለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የምትለኝን ሁሉ እሰማለሁ።